ለበዓል የመጣ ዘመድና በመንገድ ዳር የቆመ ድንጋይ

(በሬዲዮ የተነገረ)



በመስከረም ወር ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወስደውን መንገድ ያየ ሰው፣ የጉራጌ አገር ተወላጅ ለመስቀል በዓል ወደ ትውልድ ቦታው እንዴት እንደሚጎርፍ ለመረዳት ሌላ ምስክር አያሻውም። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ የቢሮ ሠራተኛው ፈቃድ ጠይቆ፣ ሊስትሮው ሣጥኑን ለባልንጀራው አደራ ሰጥቶ ይጓዛል። ሙስሊሙም በበኩሉ ለዓረፋ እንዲሁ ያደርጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ዘመዶች በዚሁ ጉዞ ላይ ተጨምረዋል። ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ከእነዚሁ ስለ አንዱ፣ ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ይልቁንም ልጁ እኔን ስላሳፈረኝ ነገር ነው።

ወንድሜ ከአገሩ ከወጣ 14 ዓመት ሆኖት ነበር። የሚኖረው በአሜሪካ ሲሆን፣ ሚስቱን፣ የ11 ዓመት ወንድ ልጁንና የ8 ዓመት ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ልብ በሉ፤ ለእርሱ ወደ አገር ቤት መመለስ የሆነው ጉዞ ለልጆቹ ውጭ አገር መሄድ ነው። አያታቸውን የሚያውቋት በስልክ መስተዋት ውስጥ ነበር፤ በስልክ ውስጥ ያለች አያት ደግሞ አታቅፍም፣ የምድጃዋም ጭስ አይሸትም። በዚህ ላይ ልጆቹ እንግሊዝኛ እንጂ ሌላ አይናገሩም። እናታችን መስቃንኛ ትናገራለች፤ አማርኛም ታውቃለች። ስለዚህ በመካከል ቆሜ የማስተርጎሙ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። በሬዲዮ ስናገር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ነገር ግን እንደዚያ ሰሞን አፌ የደከመበትን ጊዜ አላስታውስም።

ከአዲስ አበባ የተነሣነው በማለዳ ነበር። ዓለም ገናን አልፈን አዋሽን በመልካ ቁንጥሬ ተሻገርን። በዚህ ስፍራ ሰው ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የድንጋይ መሣሪያ ይጠርብ እንደ ነበረ ሊቃውንት ቆፍረው አረጋግጠዋል፤ በአጠገቡ ካለው ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እኛ ግን ወንዙን ከመስኮት አይተን አለፍን። ወንድሜ የናፈቀው ቅርስ በጣባ የሚቀርበው ነበርና።

በሶዶ ምድር ወደምትገኘው ወደ ጢያ ስንደርስ ልጁ በመንገዱ ዳር የተተከለውን ምልክት አንብቦ ጮኸ። ባለፈው ዓመት ወላጆቹ ሮማን አስጎብኝተውት ስለ ነበር፣ የዓለም ቅርስ የሚለውን ቃል ያውቀዋል። በሮማ አባቱ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን አደባባይ ጭምር አሳይቶታል። ያ ሐውልት በፋሺስት ወረራ ዘመን በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ተነሥቶ ከ60 ዓመት በላይ በባዕድ አገር ከቆመ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው መተከሉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ልጁ በሮማ «ድንጋዩ የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባቱ «ወደ ቤቱ ገባ» ብሎ መልሶለት ነበር። እንግዲህ አሁን የድንጋዮቹ ቤት ደርሰናልና እንውረድ አለ።

ወንድሜ «ስንመለስ እናየዋለን፤ እናቴ ትጠብቀናለች» አለው። ልጁም ወደ እኔ ዞሮ «አጎቴ፣ አንተ አይተኸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ።

አድማጮቼ ሆይ፣ እኔ በዚያ መንገድ ስመላለስ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል። አንድ ቀን እንኳ ወርጄ አላየሁም። ነገር ግን «አዎን፣ በሚገባ» አልሁት። «ምን ተጽፎበታል?» ቢለኝ፣ በልጅነቴ የሰማሁትን ይዤ «የግራኝ ድንጋይ ነው፤ ግራኝ የተከለው ነው» ብዬ አሳረፍሁት። ልጁም ይህን በደብተሩ ላይ ጻፈው። ውሸቴ በጽሑፍ ከገባ በኋላ ነው የከበደኝ።

ቡኢንና ኬላን አልፈን ቡታጅራ፣ ከዚያም ወደ መንደራችን ገባን። እናታችን ልጇን ስታገኝ የሆነውን አልናገረውም፤ ልጆቿ የራቁባት እናት ያለችው ሁሉ ያውቀዋል።

በማግሥቱ ወንድሜ ወደ አባታችን መቃብር ውሰዱኝ አለ። አባታችን ያረፈው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። በዚያ ጊዜ ወንድሜ የመኖሪያ ወረቀቱ ስላልተጨረሰለት፣ ቢመጣ መመለሻ ስለማያገኝ፣ መርዶውን በሩቅ ሰምቶ በሩቅ አለቀሰ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሄድን። መቃብሩ የተከመረ ድንጋይ ነው፤ ሣር በቅሎበታል። ወንድሜ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። ልጁ ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ «የአያቴ ስም የቱ ላይ ነው የተጻፈው?» አለኝ። ለእናቴ ተረጎምሁላት። እርስዋም ሳትቆጣ «ቦታውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጽሕፈት ለማያውቀው ሰው ነው» አለች። ልጁ አንገቱን ነቀነቀ፤ ነገር ግን መልሱ ያጠገበው አልመሰለኝም። እኔንም አላጠገበኝም።

በዓሉ እንደ ወትሮው ደመቀ። ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ባጠራቀሙት ገንዘብ በሬው ተገዛ፤ ሴቶች በማኅበር ያከማቹት ቅቤ ከጎተራው ወጣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ ክትፎው በየተራ ቀረበ። ጎረቤታችን የሆኑት ሐጂ ደግሞ እንደ ልማዳቸው ሊመርቁን መጡ። ለእርሳቸው በእጃቸው የሚያርዱት ፍየል ተለይቶ ቆይቷቸው ነበር፤ ይህ በአባታችን ጊዜም ያልተቋረጠ ሥርዓት ነው። ትንሿ ልጅ ቆጮውን መጀመሪያ ቀን በጣቷ ገፋችው፤ በሦስተኛው ቀን ግን ከአያቷ ጋር ገብታ እንሰቱ እንዴት እንደሚፋቅ ስታይ ዋለች። ያለ አስተርጓሚ መነጋገር የጀመሩት ያን ዕለት ነው።

የመመለሻችን ቀን ሲደርስ፣ እናታችን ልጆቹን እስከ አዲስ አበባ ካልሸኘሁ አለች፤ በመኪናው ውስጥ ቦታ ተገኘላት። ጢያ ስንደርስ ማንም ሳይጠይቅ ወንድሜ አቆመ። እናቴ በመስቃን ምድር ተወልዳ አርጅታ፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀውን ይህን ስፍራ አይታው አታውቅም። እኔም አላየሁትም፤ ነገር ግን አይቻለሁ ብያለሁና የሚያውቅ ሰው መስዬ ከፊት ከፊት ሄድሁ።

በስፍራው 36 ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም 32ቱ ቅርጽ አላቸው። የሚበዛው ቅርጽ ሰይፍ ነው፤ በአንዱ ላይ ሁለት፣ በሌላው ከዚያ የበዛ ሰይፍ ተቀርጿል። ክብ የሆኑና የተጣመሩ ምልክቶችም አሉ። ልጁ ደብተሩን ገልጦ «ግራኝ ስንት ዓመት ፈጀበት?» ብሎ አስጎብኚውን ጠየቀው። አስጎብኚው ሣቅ አለና «እንዲህ ያለህ ማነው?» አለው። ልጁ ወደ እኔ አመለከተ። ወንድሜ፣ ሚስቱና እናቴ ሁሉም ተመለከቱኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ተናዘዝሁ።

አስጎብኚው እንዳስረዳን፣ የአገሩ ሰው የግራኝ ድንጋይ ይበለው እንጂ፣ መቃብሮቹን የቆፈሩት ሊቃውንት ከግራኝ ወደ ቀደሙት መቶ ዓመታት ይወስዷቸዋል። አባ አዛይስ የሚባሉ ፈረንሳዊ ካህን የዚህን አገር ትክል ድንጋዮች ከዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በፊት ለዓለም አስታውቀዋል፤ በኋላም ሮዤ ዡሶም የተባሉ ሊቅ በጢያ ቆፍረው፣ ከድንጋዮቹ ሥር እጅና እግራቸው ታጥፎ የተቀበሩ ወጣቶችን አግኝተዋል። በሶዶ ምድር ይህን የመሰሉ 160 ያህል ስፍራዎች ታውቀዋል። ጢያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ አክሱምም የተመዘገበችው በዚያው ዓመት ነው። ወንድሜ ልጁን ለአክሱም ሐውልት ባዶ ቦታ ሮማ ድረስ ሲወስደው፣ የአክሱም የመዝገብ እኩያ በአያቱ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። እኛ የመንግሥት ሠራተኞችም በዓመት ፈቃዳችን ጣሪያ ስናስጠግንና ጉዳይ ስናስፈጽም፣ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ለሚርቅ ስፍራ አንድ ቀን ማውጣት አልሆነልንም። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከእኔ በላይ ተወቃሽ የለም።

እናቴ ይህን ሁሉ አልሰማችም። ከአንዱ ድንጋይ ፊት ቆማ በታችኛው በኩል ያለውን ቅርጽ በእጅዋ ልትነካ ስትል ጠባቂው በትሕትና ከለከላት። «ይህ እንሰት ነው» አለች። አስጎብኚውም እንሰት ነው የሚሉ እንዳሉ፣ ሌሎች ግን የእንጨት ትራስ ነው እንደሚሉ ነገራት። እርስዋም «እኔ እንሰት ስተክል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እነርሱ ተክለው ያውቃሉ?» ብላ መለሰች። አስጎብኚው ክርክሩን ተወው።

ከዚያ በኋላ እናቴ «ስማቸው ማን ነው? የተቀበሩት» ብላ ጠየቀች። የሚያውቅ እንደሌለ፣ ምልክቶቹንም እስከ ዛሬ አንብቦ የጨረሳቸው እንደሌለ ተነገራት። ዝም አለች። መኪናው ውስጥ ገብተን ወደ መልካ ቁንጥሬ እስክንቃረብ ድረስ አልተናገረችም። ኋላም ወንድሜን በስሙ ጠርታ «ለአባታችሁ ስሙን በፊደል አጽፉለት። እኔ የማውቀውን ቦታ ከእኔ በኋላ ማን ያሳያችኋል?» አለችው። ወንድሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ልጁ ምን እንዳለች ጠየቀኝ፤ ይህን ግን አባቱ ራሱ ተረጎመለት።

አውሮፕላናቸው በማግሥቱ ሌሊት ተነሣ። ልጁ ከመሄዱ በፊት ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀዶ ለአያቱ ሰጣት፤ የእንሰቱን ቅርጽ ሥሎበታል። በሌላው ገጽ የግራኝ ስም ተሰርዞ በላዩ «አጎቴ አላየውም ነበር» የሚል ተጽፏል፤ ይህን ያሳየኝ እየሣቀ ነው።

ድንጋዩ በቡታጅራ ለአንድ ጠራቢ ታዟል፤ ገንዘቡን ወንድሜ ልኳል። የአባቴን የተወለደበትን ዓመት እናቴ በትክክል ስለማታውቀው፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እስኪስማሙ ሥራው ቆሟል። ልጁ በየሳምንቱ እሑድ እየደወለ ድንጋዩ መተከሉን ይጠይቀኛል። እኔም ከዓመት ፈቃዴ ሦስት ቀን ጠይቄ ፈቅደውልኛል፤ በሚመጣው ሐሙስ ወደ መስቃን እወርዳለሁ።