ሮማውያን ሲሄዱ ምን ቀረ?

(በትምህርት ቤቱ ክብረ በዓል ቀን በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በክፍላችን የምንማረው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ከየት እንደ መጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? ታሪኩ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ምክር ስላለበት በአጭሩ እናገራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በጥንት ዘመን በብሪታኒያ ደሴት የሚኖሩት ሰዎች የኬልት ቋንቋ የሚናገሩ ብሪቶኖች ነበሩ። በየነገዳቸው ተከፋፍለው እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 እና በ54 ዓመት ወጋቸው፤ ነገር ግን አገሩን ሳይዝ ተመለሰ። ሮማውያን ደሴቲቱን መያዝ የጀመሩት በ43 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ዘመን ነው። የአይሴኒ ነገድ ንግሥት ቡዲካ በ60 ወይም በ61 ዓ.ም. ተነሥታ ለንደንን አቃጠለች፤ በመጨረሻ ግን ድል ተመታች።

ከዚህ በኋላ ሮማውያን መንገድ አወጡ፤ ከተማ ቈረቈሩ። በ122 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ በሰሜን በኩል 117 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ግንብ ማሠራት ጀመረ። የከተማውም ሰው በሮማውያን ልማድ ኖረ። ነገር ግን አገሩን የሚጠብቀው የሮማ ጦር ነበር፤ ለጦሩ ደመወዝ የሚሆነውም ገንዘብ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር።

በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሮማ ራሷ በጠላት ተጨነቀች፤ ወታደሮቿም ከደሴቲቱ ወጡ። የአገዛዝዋ ፍጻሜ 410 ዓ.ም. ተብሎ ይቈጠራል። በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ገንዘቡ ጠፋ፤ ከተሞቹ ባዶ ቀሩ፤ በመንኰራኵር የሚሠራው የሸክላ ዕቃ እንኳ ቀረ።

ቀጥሎ አንግሎች፣ ሳክሶኖችና ጁቶች ከሰሜን ጀርመንና ከዴንማርክ በመርከብ መጡ። ብሪቶኖች ሁሉ አላለቁም፤ ብዙዎቹ ከመጤዎቹ ጋር ተጋብተው ተቀላቀሉ። በምሥራቅ ግን ቋንቋቸው ጠፋ፤ በምዕራብ በዌልስ እስከ ዛሬ ይነገራል። «ዌልስ» የሚለውም ስም በመጤዎቹ ቋንቋ «ባዕዳን» ማለት ነበር። የአገሩ ልጅ በገዛ አገሩ ባዕድ ተባለ!

ሆኖም ታሪኩ በዚህ አላለቀም። በ597 ዓ.ም. አውግስጢኖስ የተባለ መነኵሴ ከሮም ወደ ኬንት መጥቶ ክርስትናን ሰበከ፤ መጽሐፍና ትምህርትም አብረው ገቡ። በ731 ዓ.ም. ቤዳ የተባለው መነኵሴ የእንግሊዝን ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በላቲን ጽፎ ፈጸመ። ከ871 እስከ 899 ዓ.ም. የነገሠው አልፍሬድ ደግሞ በ878 ዓ.ም. ዴንማርካውያንን ድል ካደረገ በኋላ፣ ትምህርት በአገሩ መጥፋቱን አይቶ አዘነ። ስለዚህ የላቲን መጻሕፍትን በሕዝቡ ቋንቋ አስተረጐመ፤ ንጉሥ ሳለ እርሱ ራሱም ተረጐመ። አቅም ያላቸው ወጣቶች ሁሉ የቋንቋቸውን ጽሕፈት ማንበብ እስኪችሉ እንዲማሩ ፈለገ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከሐድርያኖስ ግንብ ብዙውን ድንጋይ ሰዎች እየነቀሉ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩበት። ሕዝቡ ራሱ ተምሮ በቋንቋው የጻፈው ግን ኖረ። ከውጭ ዕውቀት መቀበል ነውር አይደለም፤ አልፍሬድም ተቀብሏል። ነውሩ፣ ሌላው ሲሠራልን እጃችንን አጣጥፈን ማየት ነው። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ፣ መምህራችን አጠገባችን ባይኖርም ሥራውን ለመቀጠል የምንችል ሆነን እንውጣ። የትምህርት ቤታችን እውነተኛ ግንብ ይህ ነውና።