የተገደለ ሰው ስም የት ይጻፍ?

(ለመስጂዳችን ጀመዓ ከተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ይህ መጽሔት ሲዘጋጅ በኮሚቴው ውስጥ አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሌቦች በሌሊት ገብተው የገደሉት ዘበኛችን ለብቻው አንድ ገጽ ይሰጠው ወይስ በመስጂዱ ላይ የደረሱ ችግሮች በተዘረዘሩበት ቦታ ስሙ ብቻ ይጠቀስ? አንዱ ወንድማችን «መሥራቾቹ ገጽ የተሰጣቸው በሥራቸው ነው፤ እሱ ግን የሚታወቀው በሞቱ ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «ደሙ የፈሰሰው እዚህ ደጃፍ ላይ አይደለም ወይ?» ሲል መለሰ። ሁለቱም በቅን ልቦና ነው የተናገሩት።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለምን እውቀት በፊደል ተራ የሚሰበስቡ ኢንሳይክሎፒዲያ የሚባሉ መዛግብትም ይቸገሩበታል። በወንጀል የተገደለ ሰው በራሱ ስም ርዕስ ይከፈትለት ወይስ በወንጀሉ ታሪክ ውስጥ ይጠቃለል? ዊኪፔዲያ የተባለው የኢንተርኔት መዝገብ በአንድ ድርጊት ብቻ የታወቀ ሰው በአብዛኛው በድርጊቱ ርዕስ ሥር እንዲጻፍ በደንቡ ያመለክታል። ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። ስለ ሟቹ የሚታወቀው የመጨረሻዋ ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ የሕይወት ታሪክ ተብሎ የሚጻፈው ከቁስል ዝርዝር አያልፍም። የቤተሰቡም ሐዘን የወሬ ፈላጊ ሁሉ መሰብሰቢያ ይሆናል።

ሌላውን ጎን ደግሞ እንመልከት። ገዳይ ርዕስ የሚያጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። የት ተወለደ፣ ምን አነበበ፣ ምን አስቦ ነው እየተባለ ብዙ ይጻፍለታል። ሟቹ ግን «ከተጎጂዎቹ አንዱ» ተብሎ ይቀራል። ይህ ሚዛን ያዘነበለ ነው።

ወገናችንን ሙሉጌታ ሥራውን አስታውሱ። ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988 በዘር ጥላቻ የሰከሩ ነጭ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ፍርድ በተሰጠበት የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ገዳዮቹ ብቻ ሳይሆኑ ወጣቶቹን ያነሳሳው የነጭ የበላይነት ሰባኪ ድርጅትና መሪው ጭምር 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንዲከፍሉ ተፈረደ። በእጁ ሳይመታ በአንደበቱ የቀሰቀሰም እንደሚጠየቅ ያ ፍርድ አሳየ። እንዲህ ያለ ሰው በራሱ ስም ቢጻፍ ተገቢ ነው እላለሁ። ከእርሱ ሞት በኋላ የተደረገው ሁሉ ከስሙ ጋር ተያይዟልና።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጂዶች ላይ በደረሰው ጥቃት የተገደሉትን 51 ወገኖቻችንን እናስብ። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን የገዳዩን ስም እንደማይጠሩ ለፓርላማው ተናገሩ። ለ51ዱም ሁለት ሁለት መስመር ያላቸው 51 ርዕሶች ቢከፈቱ ክብራቸው የሚጨምር አይመስለኝም። ከዚያ ይልቅ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ከገዳዩ አስቀድሞ የሁሉም ስም ቢሰፍር፣ ማን እንደነበሩም ቢነገር ይሻላል።

የቀደሙ ዑለሞቻችንም በዚህ ሥራ ሰፊ ልምድ አላቸው። በ230 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ሰዕድ «ጦበቃት» በተባለው ታላቅ ድርሳናቸው የሴቶችን ታሪክ ለብቻ ጽፈዋል። ከእነዚያ ሴቶች አንዷ አቡ ጀህል የገደላት የዐማር እናት ሱመያ (ረ.ዐ) ናት። በመካ ሹማምንት ዓይን ከባሪያ የማትቆጠር ሴት ነበረች። በድርሳኑ ግን በገዳይዋ ታሪክ ሥር አልተወሸቀችም፤ በራሷ ስም ቆማለች። የተጻፈላት ስለተገደለች ብቻ አይደለም፤ ስለ ጸናችበትም ጭምር እንጂ።

ከዚህ ተነስቼ የምለው ይህን ነው። አላህ ዘንድ የሚጠፋ ስም የለም፤ የሟችም ክብር በመጽሐፍ ርዕስ አይለካም። መዝገቡ የሚያስፈልገው ለእኛ ለሕያዋን ነው። ስለዚህ ርዕስ ከመክፈታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ስለ ሰውየው ሕይወት በማስረጃ የምናውቀው አለ ወይ? ከሞቱ በኋላ ለሌላው የተረፈ ትምህርት ወይም ፍርድ አለ ወይ? የምንጽፈው የቤተሰቡን ገመና ሳይገልጥ ሊጻፍ ይችላል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ይጻፍ። ካልሆነ ስሙ በድርጊቱ ታሪክ ውስጥ በክብር ይቀመጥ። ስሙን ጨርሶ መተው ግን አይገባም።

ወደ ዘበኛችን ልመለስ። ኮሚቴው ሳይወስን ባለቤቱን እንድጠይቅ ላከኝ። «ሸኽ፣ እንዴት እንደሞተ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንዴት እንደኖረ ጻፉልኝ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ያነቡታል» አለችኝ። እኔም ለሁለተኛው ወንድሜ ፈረድኩ፤ የመጀመሪያውም ተስማማ። ሁሉም የሚያውቀውን ሲያዋጣ ገጹ ሞላ። ከሱብሒ በፊት ለውዱእ ውኃ ሲቀዳልን፣ ሕፃናቱ በትነውት የገቡትን ጫማ ጥንድ ጥንዱን ሲያቀናጅ ያላየነው ማነው? ሞቱ የተነገረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የገዳዮቹ ነገር አልተነሳም። ስሙን በገጹ ራስ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ስታነቡት ዱዓ አድርጉለት።

አላህ (ሱ.ወ) በግፍ ለተገደሉት ሁሉ ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውም ጽናቱን ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።