ደብረ ወርቅ፥ የቅኔ ቤትና መንገደኛ



የቃኘው ዘማቾች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በተዋጉባት በኮርያ አገር ጆንግጃ የሚባል የሊቃውንት ማረፊያ አለ። ግድግዳ የሌለው፥ በእንጨት ምሰሶ የቆመ፥ ከወንዝ ዳር ወይም ከገደል አፋፍ የሚሠራ ዳስ መሰል ቤት ነው። የጥንት ምሁራን ከዚያ ተቀምጠው ግጥም ይገጥሙ ነበር፤ ግጥሙም በሰሌዳ ተቀርጾ ከጣሪያው አግዳሚ ላይ ይሰቀላል። የዛሬ መንገደኛ እግሩን ያሳርፍና ቀና ብሎ ሰሌዳውን ያያል።

የጎጃም ሊቅ ሰሌዳ አይሰቅልም። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደብረ ወርቅ የታወቀች የትምህርት አገር ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ኤልያስና ከዲማ ጊዮርጊስ ሌላ በእርሷም ተምረዋል። ይሁን እንጂ መንገደኛው ማርያምን ይሳለማል፥ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ያያል፥ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። የቅኔ ቤት እንደሆነ የሣር ጎጆ ነውና ከመንገድ ዐይን አይስብም።

በቅኔ ቤት ሥርዐት ደበሎ የለበሰው ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ቁራሽ ይለምናል፤ ከጓደኞቹም ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከጥሻ ውስጥ ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ይሞላል፥ የተሰበረውን ያቃናል፥ በመጨረሻም ራሱ ይዘርፋል። ቅኔ ለዕለቱ ተደርሶ አንድ ጊዜ ይባላል እንጂ አይደገምም። እንግዲህ ለእንግዳ የሚታየው ነገራው ነው፤ በግማሽ ሰዓት የሚያልፍ ሰው ከቶ አያገኘውም።

ኮርያውያን ሶዎን የሚባሉትን 9 የጥንት ትምህርት ቤቶቻቸውን በ2011 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት አስመዝግበዋል። ሕንፃዎቹ በጥሩ ተጠብቀዋል፤ የመታሰቢያ ሥርዐታቸውም ይፈጸማል፤ የጥንቱ ጉባኤ ግን አብዛኛው ቀርቷል። በጎጃም ነገሩ የተገላበጠ ነው፦ ጎጆው በየጊዜው ይፈርሳል፥ ጉባኤው ይቀጥላል። ስለዚህም ለጎብኚ ተብሎ የሲሚንቶ አዳራሽ ቢቆም የሚገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ተማሪው በቁራሽ እጦት ከተበተነ አዳራሹ ባዶ ይቀራል። ከእንግዳ የሚገኘው ገንዘብ ለእህልና ለጎጆ ክዳን መዋል ይኖርበታል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ጉዞውን አስቸጋሪ አድርጎታል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን ከደብረ ማርቆስ የተነሣ ቡድን ደብረ ወርቅን የምሳ ማረፊያ ብቻ ማድረጉን ትቶ ቢያድርባት ይሻላል። አስጎብኚው አስቀድሞ የኔታን ያስፈቅድ፤ ነገራው በሚሰማበት ጊዜ እንግዶቹን ከኋላ ያስቀምጥ፤ ትርጓሜውንም ጉባኤው ከተፈታ በኋላ ያቆየው። ቁራሽ የሚለምነውን ልጅ ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር መሆኑን ግን ከመኪና ሳይወርዱ ይንገራቸው።