በሽታው በምን ይሻገራል? ብስክሌት በወረርሽኝ ወቅት



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያ የኮሮና ታማሚዋን አገኘች። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሕዝብ ማመላለሻ ከሚይዘው በግማሽ ብቻ እንዲጭን ታዘዘ፣ በአዲስ አበባም የታክሲ ታሪፍ እጥፍ ሆነ። ለቀን ሠራተኛና ለገበያ ሴት ይህ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነበር። በዚያው ሰሞን የዓለም ጤና ድርጅት፣ ከቤት መውጣት ግድ የሆነበት ሰው ከተቻለው በእግሩ እንዲሄድ ወይም ብስክሌት እንዲነዳ መከረ። ኮሎምቢያዊቷ ቦጎታ ምክሩን እንኳ ሳትጠብቅ የመኪና መንገዶቿን ከፊል ለብስክሌት ለቀቀች።

ምክሩ ትክክል ነበር፤ ብስክሌት ግን በራሱ መድኅን አይደለም። ነጂውን ከበሽታ የሚጠብቀው በሽታው ከሰው ወደ ሰው በምን እንደሚሻገር ማወቁ ነው። ጥንቃቄውም ከበሽታ በሽታ ይለያያል።

ኮሮና በትንፋሽ ይተላለፋል። ብቻውን በክፍት አየር የሚነዳ ሰው የሚያሰጋው ነገር ጥቂት ነው። ተከታትሎ መንዳት ግን ሌላ ነው። በ2012 ቤርት ብሎከን የተባለው የአየር እንቅስቃሴ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ባደረገው የኮምፒውተር ስሌት፣ ከፊት ካለው ሰው ልክ ኋላ የሚከተል የእርሱን ጠብታ እንደሚቀበል አሳየ። ለዝግተኛ ብስክሌተኛ 10 ሜትር፣ ለፈጣን 20 ሜትር መራቅን መከረ። ስሌቱ በሌሎች ባለሙያዎች ሳይገመገም በመሰራጨቱ፣ የተለካውም ጠብታ እንጂ መያዝ ባለመሆኑ ብዙ ተተችቷል። ቁጥሩ ቢያከራክርም ጎን ለጎን ተራርቆ መንዳት፣ ወይም ከነፋሱ መስመር ወጣ ማለት ማንንም አይጎዳም። ጭምብልን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ሰው አካሉን በኃይል በሚያሠራበት ጊዜ እንዳያደርገው አሳስቧል፤ በላብ ሲርስ ትንፋሽ ያፍናል። ሱቅ በር ላይ ሲወርዱ ግን ያስፈልጋል። በየካቲት 2012 የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የብስክሌት ውድድር ሊጠናቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ሲቋረጥ፣ ተወዳዳሪዎቹ ተዘግቶባቸው የሰነበቱት በሆቴል ውስጥ ነበር፤ የተጠረጠሩትም ከቡድን ሠራተኞች ሁለቱ ናቸው። ከብስክሌት ከተወረደ በኋላ አብሮ መብላትና አብሮ ማደር አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ያንን ነው።

በየከተማው ልጆች ሳይክል በሰዓት ይከራያሉ። አንዱ ላብ በላብ ሆኖ ሲወርድ ሌላው ተሻምቶ ይወጣል፤ መሪው ገና እርጥብ ነው፣ የፍሬኑ እጀታም ሞቅ እንዳለ። ኮሮና በዕቃ ገጽ ላይ ለሰዓታት፣ በፕላስቲክና በብረት ላይም እስከ 3 ቀን እንደሚገኝ ቀደም ብሎ በቤተ ሙከራ ታይቶ ነበር። በኋላ ግን በመነካካት የመያዝ ዕድሉ አነስተኛ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ አከራዩ መሪውን በሳሙና ውኃ ቢያብስ፣ ልጁም እጁን ቢታጠብ በቂ ነው፤ ጎማና ካቴና ማጠብ ድካም ነው።

ማርበርግ የተባለው በሽታ ሲመጣ ሒሳቡ ይገለበጣል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ መከሰቱ ሲረጋገጥ በሽታው በኢትዮጵያ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር። ማርበርግ እንደ ኮሮና በአየር አይዛመትም፤ የታመመ ሰው ደም፣ ትውከትና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ሲነካ ይይዛል። በብስክሌት ላይ አደገኛው ነገር እንግዲህ ርቀት ሳይሆን ንክኪ ነው። ታማሚን ከኋላ አፈናጦ ጤና ጣቢያ ማድረስ በሌላ ጊዜ ደግነት ነው፤ እዚህ ግን አድራሹን ራሱን ሊገድል ይችላል። መደወል፣ ባለሙያ መጥራት ይሻላል። ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበረው ሰውም 21 ቀን ክትትል ላይ ይቆያል። ብቻዬን ነው የምነዳው ብሎ ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ መሻገር አይፈቀድለትም፤ ምልክቱ መንገድ ላይ ቢጀምረው የሚያነሡት የማያውቁት ሰዎች ናቸውና።

ኮሌራ ከሆነ ደግሞ ዋናው ጉዳይ ኮዳው ውስጥ ነው፦ ከቤት የተቀዳ የፈላ ወይም የታከመ ውኃ፤ ከመንገድ ዳር ምንጭ መጠጣት የለም።

ለማሻ ከተማ ሰው አንድ ነገር ይቀራል፣ እርሱም መንገዱ ነው። ማሻ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ መንገዱ የሚወርድባት ቴፒ ደግሞ 1,100 ገደማ ላይ። ማሻ በአገሪቱ ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። በጭቃ የረጠበ ፍሬን እየተንሸራተተበት ቁልቁለት የሚወርድ ልጅ አጥንቱ ቢሰበር፣ በወረርሽኝ የተጨናነቀ ሆስፒታል ይጠብቀዋል፤ አልጋ ቢገኝ እንኳ አስታማሚዎቹ ከታማሚ መሀል ይውላሉ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ወቅት ብስክሌት የሚመከረው ለቅርብ መንገድ፣ ለሜዳው፣ ለቀን ብርሃን ነው። ረዥሙን ቁልቁለት የግድ መውረድ ያለበት ሰው ከመነሣቱ በፊት የፍሬኑን ጎማና ሽቦ ይይ፤ ዝናብ ከያዘው ደግሞ ወርዶ እየገፋ ይሂድ።