ደራርቱ ወልዳ ስትመለስ

እህቶቼ፣ ሒሳቡን ከማቅረቤ በፊት ስለ ደራርቱ ቱሉ ጥቂት ልበል፤ ከደንባችን ጋር ይገናኛል።

የበቆጂዋን ልጅ ያወቅናት በባርሴሎና ነው። በ1984 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ያየ ሰው አይረሳውም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የኋላው ነው። በ1988 አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች። ከዚያም ወለደች። መዝገቧን እዚያ ላይ ብንዘጋው አንድ የኦሎምፒክ ወርቅ ብቻ ይታይ ነበር። እሷ ግን በመስከረም 1993 ሲድኒ ላይ በዚያው ርቀት ደገመችው። በሚያዝያ የለንደንን ማራቶን፣ በነሐሴ ደግሞ ኤድመንተን ላይ የዓለም ሻምፒዮናን አሸነፈች። ሦስቱም በእኛ አቆጣጠር በአንድ ዓመት ውስጥ! አቴንስ ላይ ነሐስ ጨመረች፤ የኒውዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ ደግሞ 37 ዓመቷ ነበር።

ወደ ደንባችን ልምጣ። ሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለች አባል ትሰረዛለች፤ ስትመለስ እንደ አዲስ መመዝገቢያ ትከፍላለች ይላል። ባለፈው ዓመት የተሰረዙት ሁለቱም አራሶች ናቸው። በገላፊ ሙቀት ጨቅላ ታቅፋ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ የምታፈላ ሴት ከየት ታምጣ? የወለደች እህት ቦታዋ አንድ ዓመት ይጠበቅላት፤ ውዝፏን ያለ መቀጫ ቀስ ብላ ትክፈል። አስልቼዋለሁ፣ ሣጥናችን ይችለዋል። እባካችሁ፣ ዛሬ ድምፅ እንስጥበት።