በራሱ የሚሠራ ሰው ጠበቃው መዝገቡ ነው

(በኮለምበስ፣ ኦሃዮ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ ለማኅበራችን 10ኛ ዓመት እንኳን በሰላም አደረሳችሁ እላለሁ። እንድናገርበት የተመረጠው ርእስ ለበዓል የሚስማማ አይመስልም፤ ግብር ነው። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ታክሲና ኡበር የሚነዳው፣ የራሱን የጭነት መኪና ይዞ የሚሠራው፣ ዕቃ በየቤቱ የሚያደርሰው፣ ማታ ማታ ቢሮ የሚያጸዳው፣ አዛውንት የሚንከባከበው ብዙ ነው። ለአብዛኞቹም በዓመቱ መጨረሻ የሚደርሳቸው የደመወዝተኛው ደብልዩ-2 ሳይሆን 1099 የተባለው ወረቀት ነው። 1099 የደረሰው ሰው በመንግሥት ዓይን ነጋዴ ነው። ግብሩን እየቀነሰ የሚያስቀምጥለት ቀጣሪ የለውም፤ አስቦ፣ ጽፎ፣ ከፍሎ የሚገኘው ራሱ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ሕግ የፈቀደውን ወጪ ቀንሶ አነስ ያለ ግብር መክፈል መብት ነው። የገባን ገንዘብ አልገባም ማለት ግን ስወራ ነው፤ ያስቀጣል። መንግሥት ሰዋሪዎችን ለመያዝ ቁጥጥሩን ሲያጠብቅ መብቱን በማስረጃ ማሳየት ያልቻለው ምስኪንም አብሮ ይያዛል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህኛው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ክፍያ የሚያስተላልፉ የኢንተርኔት ድርጅቶች ከ600 ዶላር በላይ ለተቀበለ ሰው ሁሉ 1099-ኬ እንዲልኩ አዘዘ። ቀድሞ ወሰኑ ከ20,000 ዶላርና ከ200 ክፍያ በላይ ነበር። አፈጻጸሙ ከዓመት ዓመት ሲገፋ ቆይቶ፣ በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ ወሰኑ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በ1099-ኤን.ኢ.ሲ. የሚገለጸው ክፍያ ወሰንም ከ2026 ጀምሮ ከ600 ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወገኖች «ወረቀት ካልመጣ ግብር የለም» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። የተለወጠው የላኪው ግዴታ እንጂ የተቀባዩ አይደለም። ከወጪ ቀሪ ትርፉ 400 ዶላር የደረሰ ሁሉ ማስታወቅ አለበት።

ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይ.አር.ኤስ. የተላከው ወረቀትና እኛ ያስገባነው ቅጽ በኮምፒዩተር ይመሳከራል። ካልተስማሙ ሲ.ፒ. 2000 የተባለ ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ጥያቄ እንጂ ፍርድ አይደለምና በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት ነው። ዝም ከተባለ ሌላ፣ የ90 ቀን ቀጠሮ ያለው ደብዳቤ ይከተላል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች ይገርም ይሆናል እንጂ፣ በእነዚያ 90 ቀናት ውስጥ ገንዘቡን አስቀድሞ ሳይከፍሉ መንግሥትን በግብር ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። ደብዳቤውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መክተት ግን ይህን መብት በገዛ እጅ መጣል ነው።

ዋናው አደጋ ያለው ከዚህ ላይ ነው። 1099-ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ሒሳብ እንጂ ሾፌሩ ኪስ የገባውን አይደለም። ለምሳሌ ወረቀቱ 52,000 ዶላር ይበል። ኩባንያው ለራሱ ያስቀረው 14,000 ዶላር ነው እንበል። ሾፌሩ በ2025 ለሥራ 30,000 ማይል ነድቶ ከሆነ፣ ለዚያ ዓመት በተፈቀደው ሒሳብ፣ በማይል 70 ሳንቲም፣ 21,000 ዶላር ይቀነስለታል። ቀሪው ትርፍ 17,000 ዶላር ነው፤ በዚህም ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብሩ 2,400 ዶላር ገደማ ይሆናል። ያው ሾፌር ማስረጃ ሳይዝ ቀርቶ ግብሩ በ52,000 ዶላር ላይ ቢታሰብ ከ7,300 ዶላር በላይ ይመጣበታል። የፌዴራሉ የገቢ ግብርና ለኮለምበስ ከተማ የሚከፈለው 2.5 በመቶ ገና አልተቆጠሩም። ሰውየው ወደ 5,000 ዶላር የሚከስረው አጭበርብሮ ሳይሆን ሳይጽፍ ቀርቶ ነው።

ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎችም ከተሞች ባለ ሱቆች የቀን ገቢ ግምት በዛብን ብለው ሱቃቸውን መዝጋታቸውን ታስታውሳላችሁ። ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነው የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ስለዚህ ግብራቸው በገማቹ ዓይን ላይ ተንጠለጠለ። ብዙው ነጋዴ «ይኸው መዝገቤ» ብሎ የሚከራከርበት ወረቀት አልነበረውም።

በጥሬ ገንዘብ የተቀበለውን የማያስታውቅም አለ። ዛሬ ያተረፈ ይመስለዋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነው። በ2025 አንዱ ነጥብ 1,810 ዶላር ገቢ ይጠይቅ ነበር። በዚያ ዓመት 3,000 ዶላር ብቻ አተረፍሁ ያለ ሰው ያገኘው አንድ ነጥብ ነው። በዚህ አካሄድ 10 ዓመት ቢደክም የሚይዘው 10 ነጥብ ነው፤ ጡረታ የለውም። እናቱን ለማምጣት ዋስ ሲሆን ኢሚግሬሽን፣ ቤት ለመግዛት ሲበደር ባንክ የሚጠይቁት ያንኑ የግብር ቅጽ ነው። ለአይ.አር.ኤስ. ድኻ፣ ለባንክ ሀብታም መሆን አይቻልም።

በሌላ በኩል፣ የሥራ ሰዓቱን፣ መሣሪያውንና አሠራሩን ሁሉ ድርጅቱ እየወሰነለት 1099 የሚሰጠው ሠራተኛ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነም የግብሩን ግማሽ፣ 7.65 በመቶውን፣ መክፈል የነበረበት አሠሪው ነው። ኤስ.ኤስ.-8 የተባለውን ፎርም ሞልቶ አይ.አር.ኤስ. እንዲወስን መጠየቅ ይቻላል። ቁጥጥሩ በአሠሪዎች ላይ ሲጠብቅ ለእኛም ይጠቅማል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ማይላችንን በየቀኑ እንጻፍ። የሥራውን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ እንያዝ። ከየሳምንቱ ገቢ ለግብር ቀንሰን እናስቀምጥና በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ 15 እንክፈል። ደረሰኝ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቀመጥ፤ ከገቢው ከሩብ በላይ ቀርቷል ከተባለ ምርመራው እስከ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላልና ስድስት ዓመት ማቆየቱ ይበልጣል። ቅጹን ሞልቶ አልፈርምም ለሚል አዘጋጅ ገንዘብ አንክፈል፤ ችግር ሲመጣ ተጠያቂው ባለ ቅጹ ነው። ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚከራከሩለት የግብር ክሊኒኮች መኖራቸውንም እንወቅ።

ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ ጃንዋሪ ሲብት አንድ ቅዳሜ ለዚህ ጉዳይ ይመደብ። ሒሳብ የሚያውቁ አባሎቻችን ተቀምጠው የአዲስ ሾፌሮችን መዝገብ ይመልከቱ፣ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ደብዳቤ ያንብቡ። ማኅበራችን በሐዘንና በደስታ አብሮን እንደ ቆመ ሁሉ በዚህም ይቁም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለታሪክ ብቻ አይደለም፤ ለማይልና ለደረሰኝም ይሠራል።