ከመጋረጃ ጀርባ መንደፍ፦ ኤድጋር ዴጋ እና የፓሪስ ኦፔራ ተወዛዋዦች



ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤድጋር ዴጋ ለወዳጁ ለአልቤር ኤክት በጻፈው ደብዳቤ፣ በፓሪስ ኦፔራ የዳንስ ፈተና በሚሰጥበት ዕለት የመግቢያ ፈቃድ እንዲያገኝለት ይለምነዋል። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ ፈተናውን ሳያይ ደጋግሞ መሣሉ ጥቂት አሳፍሮታል።

በ1870ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሣላቸውን የልምምድ ክፍሎች የሚመለከት ሰው፣ ሠዓሊው ጥግ ይዞ የነደፋቸው ይመስለዋል። ይሁንና አብዛኛው ሥራ የተሠራው በስቱዲዮው ነው። ተወዛዋዦቹ እየመጡ ይቆሙለታል፤ እርሱም በከሰል ይነድፋል፣ በንድፉ ጠርዝም ስለ አቋቋማቸው ማስታወሻ ይጽፋል። የለ ፔልቲዬ ጎዳናው ኦፔራ በ1873 ከተቃጠለ በኋላ እንኳ ክፍሎቹን መሣሉን አልተወም።

ታዲያ መግባቱን ለምን ፈለገ? ዴጋን የሳበው ትርኢቱ ብቻ አልነበረም፤ ጫማዋን የምታስር፣ ጀርባዋን የምታክ፣ ቁርጭምጭሚቷን የምታሽ ሴትም ጭምር እንጂ። ሞዴል ግን በስቱዲዮ ጀርባዋን እንድታክ ስትታዘዝ፣ ማከኩም ትወና ይሆናል። ድካምን ከነእውነቱ ለማየት ደካማው ካለበት መሄድ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማይመች ነገር አለ። ዴጋ በ1885 የኦፔራው ቋሚ ደንበኛ ሆነ። ይህ ደንበኝነት ባለጸጋ ወንዶችን ከመድረክ ጀርባ የሚያስገባ መብት ነበር፤ በሥዕሎቹ ውስጥ ጥቁር ልብስ ለብሰው ከመድረኩ ዳር የሚቆሙት እነርሱ ናቸው። ሠዓሊው የገባው በእነርሱ በር ነው። ተወዛዋዦቹን የጠየቀ አልነበረም። የአጣቢዋ ልጅ ማሪ ቫን ጌተም ሞዴል የሆነችለት ሐውልት በ1881 ለዕይታ ሲቀርብ፣ ከተቺዎች አንዳንዶቹ ከእንስሳ አመሳሰሉት። እርሷም በተከታዩ ዓመት ከኦፔራው ተባረረች።

በዚህ መንፈቀ ዓመት ወደ ቴአትር ቤት የምትሄዱ ተማሪዎች፣ የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ብቻ አይበቃችሁም። የምትነድፉትን ሰው ጠይቁ፤ ገጹንም አሳዩ። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንዲት አንጋፋ ተወዛዋዥ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀምጣ እግሯን ስታሽ ነደፍኳት። ደብተሬን ተቀብላ ረጅም ጊዜ ተመለከተችውና፣ «አንተ ልጅ፣ እኔን የሚያመኝ ግራው ነው» አለችኝ። ለገጹ አቀማመጥ ስለተስማማኝ ቀኙን አድርጌው ነበር።